ቡችላው የፈራኝ ጊዜ

ታዴዬ፣ የሰናይት አባት፣

መርዶህን ከሰማሁ ስምንት ወር ሞላኝ። ከአቃቂ ጣቢያ ወደ ምሥራቅ ጦር ግንባር በሚሄደው ባቡር ከሸኘንህ ደግሞ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ሌላው ሰው መቃብር ሄዶ ያለቅሳል፤ ያንተ የት እንዳለ የሚነግረኝ ስላጣሁ በወረቀት መጣሁብህ።

ፋብሪካው የጠዋት ፈረቃ ሰጥቶኛል። አልጋው ላይ አንተ የምትተኛበትን በኩል ሰናይት ይዛዋለች። ቤታችን ደግሞ ውሻ ገብቷል።

ስትመለስ ቡችላ እንደምታመጣላት ቃል ገብተህላት እንደነበር አላውቅም ነበር። የነገረችው ለእኔ ሳይሆን ወተት ለሚያመጡልን ለኦቦ ገመቹ ነው። ሽማግሌው ሰምተው ዝም አላሉም። አንድ ቅዳሜ ቀላ ያለ ትንሽ ቡችላ በጋቢያቸው ጠቅልለው መጡ። ሰናይት ዳማ አለችው። እኔ አልፈለግሁትም፤ ግን እሳቸውን እንዴት እምቢ እላለሁ?

ውሻ ማሳደግ የምትችለው አንተ ነበርክ። እኔ ምንጣፍ ላይ ሲሸና መጮህ ብቻ ነው የማውቀው። ከዚያ ጫማህን በላው፤ ያንን እሁድ እሁድ የምታደርገውን ጥቁሩን። ከሥራ ስመለስ ተረከዙ ተቦጫጭቆ በረንዳ ላይ አገኘሁት። የእግርህን ቅርጽ ይዞ የቀረልኝ እሱ ብቻ ነበር። “ዳማ፣ ና” ብዬ ጠራሁት። ጭራውን እየቆላ መጣ። በመጥረጊያው እንጨት መታሁት። ታዴ፣ ማንን እየመታሁ እንደነበር እንጃ። ቡችላውን ብቻ እንዳልነበር ግን አውቃለሁ።

ከዚያ ወዲህ ስጠራው መሬት ላይ ይለጠፋል፣ ይሸናል፣ ከዚያም አልጋ ሥር ይገባል። ንቀት መስሎኝ ደግሜ መታሁት። ሰናይት በር ላይ ቆማ ታየኝ ነበር።

አንድ እሁድ ቀበሌው በድምፅ ማጉያ አስነገረ። የእብድ ውሻ በሽታ ስለገባ ሰኞ ባለቤት ለሌላቸው ውሾች የተመረዘ ሥጋ ይጣላል፣ ውሻ ያለው ግቢው ውስጥ ይያዝ ተባለ። ሰኞ ከፈረቃ ስመለስ የቆርቆሮውን በር ስከፍት ዳማ በእግሬ መሃል ሾልኮ ወጣ። ሮጬ ስደርስ ከመንገዱ ማዶ ቦዩ ዳር ወደ ተጣለ ሥጋ እያሸተተ ይሄዳል። ጠራሁት። ቀና ብሎ አየኝና ወደ ኋላ አፈገፈገ። ጮኼ ስጠራው ጭራሽ ራቀ፣ ወደ ሥጋው ተጠጋ።

ተከትላኝ የወጣችው ሰናይት አልፋኝ ሄደች። አልጠራችውም። ትንሽ ራቅ ብላ አፈሩ ላይ ቁጭ አለች፣ ፊቷን ዘወር አድርጋ መዳፏን ዘረጋች። ዳማ ቆመ፤ አመነታ፤ ከዚያ በሆዱ እየተሳበ መጥቶ እቅፏ ገባ። ስትነሳ በቀስታ እንዲህ አለችኝ፦

“እማዬ፣ ስትጠሪው ልትመቺው ይመስለዋል። እኔንም ስትጠሪኝ እንደዚያ ይመስለኛል።”

ታዴ፣ ይህን ላንተ መጻፍ ከብዶኛል። ከመርዶው በኋላ ስላንተ በጠየቀችኝ ቁጥር እቆጣት ነበር። አንድ ጊዜ፣ “የአባዬ መቃብር የት ነው?” ስትለኝ በጥፊ መትቻታለሁ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችኝም። እኔ ደግሞ ልጄ ረሳች ብዬ ነበር።

በማግስቱ ለኦቦ ገመቹ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልወቀሱኝም። ውሻ ጠዋት ያጠፋውን ማታ አያስታውስም፣ ጠርተሽ ስትመቺው የሚማረው ስትጠሪው አለመምጣትን ነው አሉኝ። ምንም ቢያጠፋ ጠርቶ መምታት እንደማይገባ፣ ከመጣም ሁልጊዜ ደግ ነገር ማግኘት እንዳለበት ነገሩኝ።

ሰናይት በግቢው አንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው፣ የደረቀ ዳቦ እየያዝን ጀመርን። ወደ እሷ ይሮጣል፤ ወደ እኔ ግማሽ መንገድ መጥቶ ይቆማል። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። መጥራቱንም ትቼ እሷ እንዳሳየችኝ ዘወር ብዬ መቀመጥ ተማርኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ መጣና አገጩን እግሬ ላይ አሳረፈ። እንዳይደነግጥ ብዬ አልተነቃነቅሁም፤ እንባዬ ብቻ ይወርድ ነበር። ሰናይት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና እኔና አንተ እንዴት እንደተዋወቅን ጠየቀችኝ።

ነገርኳት። ያን ክረምት ወንዙ ሞልቶ ከፋብሪካ የምንመለስ ሴቶች ዳር ላይ ስንቆም፣ አንተ ጫማዬን አንገትህ ላይ አስረህ፣ እኔን አዝለህ እንዳሻገርከኝ። ማዶ ስንደርስ ስሜን ሳትጠይቀኝ፣ አፍረህ፣ ጫማዬን እንዳንጠለጠልክ እንደሄድክ። ሳቀች። እኔም ሳቅሁና መሃል ላይ ሳቄ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። ልጅህ ግን አልሸሸችኝም።

ስሸኝህ ጠብቂያት ያልከኝን እንደሚገባ አልጠበቅሁም፤ ይቅር በለኝ። ከእንግዲህ ስምህ በዚህ ቤት አይፈራም። በጠየቀችኝ ጊዜ ሁሉ የማውቀውን እነግራታለሁ፤ የት እንደተኛህ ስትጠይቀኝም አላውቅም ብዬ አብሬያት አለቅሳለሁ። አድጋ ልጅ ስትወልድ ልጇ አያቱን በወሬ ያውቃል፤ እኔ በሕይወት እያለሁ አንተ ከዚህ ቤት አትጠፋም።

ያንተው አልማዝ