አልቀና ያለኝ መስመር

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፤
እንደምን ከርመሻል? አንቺ ደኅና ሁኚልኝ እንጂ የኔን ተይው።

ማስታወቂያ በብሩሽ የሚያስጽፍ ሰው ስለጠፋ ልጄ «አባዬ፣ በዘመኑ ዕቃ ተማር» ብላ ታብሌት ገዛችልኝና በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ተማሪ ሆንኩልሽ። ሳቂብኝ! በፕላስቲክ ብዕር ስክሪን ላይ ኳስ እንስላለን፤ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ለይቶ ጥላውን ቀስ በቀስ ማጥቆር ነው። ጥላውስ እሺ ብሎኛል። ያቃተኝ ዙሪያው ነው። ሠላሳ ዓመት ያለ ማስመሪያ ፊደል ስጽፍ የኖርኩት ሰውዬ፣ የምስለው ክብ ዳሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆኖ ይወጣል።

አስተማሪዋን «ብዕሩ ተበላሽቷል» አልኳት። የራሷን ሰጠችኝ፤ ያው ነው። ታብሌቱ መስመር የሚያቃና ነገር አለው ብላ እስከ መጨረሻው ከፈተችልኝ። እሱም አልቻለኝም። «ጋሼ፣ ለዛሬ ይብቃዎት» ብላ እጄን ስታየው ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። ለልጄ ግን ትምህርቱ ተዘግቷል ብያታለሁ። ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም፤ ቁጭ ብዬ ግድግዳ አያለሁ። ቁልፍ ያለው ሸሚዝም ትቼ ሹራብ ብቻ ነው የምለብሰው። ብርዱ ነው።

ለመሆኑ አባባን ያስታመምሽው አንቺ ነሽና፣ ሻዩን በማንኪያ አጠጪኝ ማለት የጀመረው በስንት ዓመቱ ነበር? እንዲሁ ትዝ ብሎኝ ነው።

ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። መልሱን ለኔው በእጄ እንዲደርሰኝ አድርጊ፤ ልጄ እንዳታነበው።

የሚናፍቅሽ ወንድምሽ