ስለ ቃለአብ የስለት ፀጉር፣ ለብሎካችን ሰብሳቢ

መጋቢት 2007 ዓ.ም.
ለክብርት ወይዘሮ ኢሊሊ ነገሪ
የብሎካችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ
ልደታ ኮንዶሚኒየም

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ ለአቶ ሰላሁንና ለልጅዎ ለቃለአብ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ጉንፋንዎ እንደለቀቀዎት፣ ደረጃውም ጉልበትዎን እንዳላስቸገረው ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ አብነት ሰፈር አክስቴ ቤት ነኝ፤ ደህና ነኝ። ይህን የምጽፈው ስለ ጤናዬ ይጨነቃሉ ብዬ ሳይሆን ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጀመረው ስለተባልኩ ነው።

ስሜ ሙፊዳ ሁመድ ይባላል። ይህን የማስታወቂያ ሰሌዳ ቆመው የሚያነቡ ጎረቤቶች በስሜ ላያውቁኝ ይችላሉ፤ ዓመት ከመንፈቅ ቃለአብን አዝላ አራተኛ ፎቅ የምትወጣውና የምትወርደው፣ ሰላም ሲሏት መሬት የምታየው ልጅ እኔ ነበርኩ። በአደባባይ የጻፍኩት ደፋር ሆኜ አይደለም። አቤቱታ ያለው ሰው በየበሩ ከሚያወራ በጽሑፍ አድርጎ፣ ስሙን ጽፎ እዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ የሚለውን ደንብ ያወጡት እርስዎ ነዎት፤ ሰው ፊት መናገር ለማትችል እንደ እኔ ላለች ልጅ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ደንብ የለም። አቤቱታው በሰብሳቢዋ ላይ ሲሆን ለማን እንደሚቀርብ ግን ደንቡ ስለማይናገር ለእርስዎው ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

ነገሩን ለማያውቁ ጎረቤቶች በአጭሩ ላስረዳ። ቃለአብ ያለ ወሩ የተወለደ ልጅ ነው። በሆስፒታል ማሞቂያ ውስጥ ሳለ የአባቱ እናት እማማ ፀሐይቱ፣ ልጁ ከተረፈ ሦስት ዓመት እስኪሞላው ፀጉሩን ምላጭም መቀስም እንዳይነካው፣ ከዚያም በግንቦት ልደታ ዕለት ልደታ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ወስደው ሊያስቆርጡት ተሳሉ። ልጁ ተረፈ። ፀጉሩም ትከሻው ድረስ ወረደ። የእኔ አቤቱታ ከዚህ ፀጉር ጋር የተያያዘ ስለሆነ በቁጥር አድርጌ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የሕፃን ፀጉር አያያዝ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ጠዋት ወደ ሥራ ሲወጡ «እንዳይጎሳቆል» ይሉኝ ነበር፤ ማታ ሲመለሱ «ለምን አበጠርሽው፣ ተነፋ» ይሉኝ ነበር። ስለዚህ ያልተጎሳቆለ፣ ሚዶም ያልነካው ፀጉር በየቀኑ ማዘጋጀት ግዴታዬ ሆነ። ውሃ በሚጠፋበት ሳምንት ከታች በጀሪካን እያመጣሁ ሳጥበው ልጁ ሚዶውን ገና ሲያይ ጠረጴዛ ሥር ይገባ ነበር፤ ሙዝ እየበላ ከጫፍ ጀምሬ ወደ ላይ ከሄድኩለት ግን እንደማያለቅስ ደረስኩበት። ከዚያ በኋላ ሚዶውን ራሱ ይዞልኝ እየመጣ «ፊዳ፣ ሙዝ» ይለኝ ጀመር። የአክስቴ ልጅ እርስዎ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ አውጥተው «ለልጄ ፀጉር ጊዜ እሰጣለሁ» ብለው የጻፉትን አሳይታኛለች። ጊዜው በእርግጥም ተሰጥቷል።

ሁለተኛ፣ ሽንት ቤት መሄድ ገና በመልመድ ላይ ላለ ልጅ ቀበቶ ያለው ጠባብ ጂንስ መምረጥዎን ሳላደንቅ አላልፍም። ቀበቶውን እስክፈታለት ድረስ ነገሩ ስለሚያልቅ እኔ የማጥበው፣ እርስዎም የሚቆጡበት አላጣንም። ጠዋት ጠዋት ስለሚቀቡት ጄል ብዙ አልልም፤ የግቢው ዝንቦች ስለወደዱት ምስጋናውን እነሱ ያቅርቡ።

ሦስተኛው ረዘም ይላል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ጥር ውስጥ የወንድምዎ ሠርግ ነበር፤ ቃለአብም ቀለበት ያዥ እንዲሆን ተመረጠ። ሱፍ ልብስ ተገዛለት። ከሱፉ ጋር የማይሄደው ፀጉሩ ብቻ ሆነ። ሰው ሁሉ «ይቺ ቆንጆ ስሟ ማነው?» እያለ እንደሚያሳፍርዎ ደጋግመው ነግረውኛል። አልፈርድብዎትም፣ እኔንም ይጠይቁኝ ነበር። እኔ «ቃለአብ» እላለሁ፤ በዚያው ያልቃል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት «ነይ፣ ልጁን ያዢልኝ» ብለውኝ ሦስታችን አብነት ወደ በከር ፀጉር ቤት ሄድን። በከር መቀሱን አንስቶ ፀጉሩን በእጁ ዳሰሰና መቀሱን መልሶ አስቀመጠው። «እናት፣ ይሄ የስለት ፀጉር አይደለም? የስለት ከሆነ እኔ እጄን አላስገባም» አለ። እርስዎም ስልክዎን እያዩ «የምን ስለት፣ ዝም ብሎ ነው ያደገው፤ ደግሞ ጎኑ ላይ መስመር አውጣለት» አሉት። እኔ ልጁን ጭኔ ላይ ይዤው ነበር። በከር በመስታወቱ ውስጥ አየኝ፤ እኔም መሬት አየሁ። ሰው ፊት መናገር እንደማልችል ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ፤ ይዘውኝ የሄዱትም ለዚሁ ይመስለኛል።

ፀጉሩ መሬት ወደቀ። እርስዎ ልጁን ፎቶ ለማንሳት ብርሃን ወዳለበት ወደ በሩ ይዘውት ወጡ። እኛ ዘንድ፣ በአገሬ በወረባቦ፣ ልጅ በተወለደ በሰባተኛው ቀን የሚላጨው ፀጉር እግር እንዲረግጠው አይተውም። ስለዚህ በከር በመጥረጊያ ከመሰብሰቡ በፊት ለቅሜ በሻርፔ ቋጠርኩት። እማማ ፀሐይቱ ሌላው ቢቀር ይህንን ለልደታ ያደርሱታል ብዬ ነበር።

አራተኛ፣ ስለ ሰጡኝ ማዕረግ አመሰግናለሁ። በማግስቱ እሑድ እማማ ፀሐይቱ ከሰንጋ ተራ እንደሚመጡ ሲደውሉ እርስዎ ኩሽና ገብተው በሩን ዘጉና «ሙፊዬ፣ ለዛሬ ብቻ ዝም በይልኝ። ነገ እኔው ራሴ አስረዳቸዋለሁ። እህቴ አይደለሽ?» አሉኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ «አንቺ» ነበርኩ፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ «ልጅቷ»። እህትዎ የሆንኩት ያኔ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። የሽንኩርቱን ቢላዋ እንደያዝኩ «እሺ» አልኩ።

እማማ መጡ። ልጁን በሩ ላይ ሲያዩት ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። «ማነው ይሄን ያደረገው?» ሲሉ እርስዎ ወደ እኔ አዩ። «ገበያ ሄጄ ሳለ ወስዳ አስቆርጣው ጠበቀችኝ» አሉ። ክብርት ሆይ፣ የተለመንኩት ዝም እንድል ነበር፤ ጥፋተኛ እንድሆን አልነበረም። ቀጥሎ ሻንጣዬ ተፈተሸ፣ ሻርፔ ተፈታ፣ ፀጉሩም ተገኘ። «ይኸው፣ ደብቃዋለች፤ ለምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው» አሉ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር በደረጃው ከእኔ ቀድማ ወረደች፤ ታች ስትደርስ መተት ሆና ነበር።

እማማ ፀሐይቱ አልሰደቡኝም። በመጡ ቁጥር ለልጁ አንድ ብርቱካን፣ ለእኔም አንድ ብርቱካን የሚያመጡ ሴት ናቸው። «ልጄ፣ አንቺን እንኳ አምኜሽ ነበር» ብቻ አሉኝ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። «ነገ አስረዳቸዋለሁ» ያሉት ነገር እስካሁን አልሆነም፤ የእርስዎ ነገ ከሌላው ሰው ነገ ይረዝም እንደሆነ በትሕትና እጠይቃለሁ።

አምስተኛ፣ እኔን ካሰናበቱ በኋላ በጋራ መገልገያው ቤት በኮሚናሉ በተደረገው የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ በሰብሳቢነትዎ «ስለ ሞግዚቶች ሥነ ምግባር» የሚል አጀንዳ ማስያዝዎን ሰምቻለሁ። «አትፍረዱባት፣ ሃይማኖቷ ስላልሆነ የስለት ክብር አይገባትም» ብለው እንደተከራከሩልኝም ተነግሮኛል። እንዲህ ያለ ጠበቃ ለጠላትም አይስጥ ብል ምስጋና ቢስ እባላለሁና አልልም። በዚያ ክፍል ውስጥ የስለቱ ክብር የገባው አንድም ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ፀጉሩን የጣለው ማን፣ ያነሳው ማን ብሎ ይጠይቅ ነበር። የበከር ሱቅ እዚሁ አብነት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፤ እስከ ዛሬ ሄዶ የጠየቀው ሰው የለም። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ወይዘሮ እንዳለች መንታ ልጆቻቸውን እንድይዝላቸው ቃል ገብተውልኝ ነበር፤ ከስብሰባው በኋላ ግን «ፀጉር የምትቋጥር ልጅ ቤቴ አላስገባም» ብለው ላኩብኝ። አልተቀየምኳቸውም። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን፣ የሰማሁትም እርስዎን ብቻ ቢሆን፣ አላስገባም ነበር።

አክስቴ እስከ ሚያዝያ ታስቀምጠኛለች። እስከዚያ የሚያምነኝ ቤት ካላገኘሁ የጀመርኩትን የማታ ትምህርት ትቼ ወደ ወረባቦ መመለሴ ነው። እናቴ «ምን አድርገሽ መጣሽ?» ማለቷ አይቀርም። ልጅ የሚያስይዝ ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የነበረችበት ቤት ምን ይላሉ?» ይላል። የነበርኩበት ቤት የሚለውን ደግሞ ብሎኩ በሙሉ ሰምቶታል።

ስድስተኛውን ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ሰርዤዋለሁ። ቃለአብ ማታ ማታ በረንዳው ላይ ቆሞ ምን እያለ እንደሚጣራ ጎረቤቶች ይሰማሉ። እኔ ልጽፈው አልቻልኩም።

ስለዚህ ክብርት ሆይ፣ የምለምንዎ ወደ ሥራዬ እንዲመልሱኝ አይደለም። ይቅርታም እንዲጠይቁኝ አይደለም፤ አልለመዱትም፣ ጉሮሮዎን ይይዘዋል። ግንቦት ልደታ ሳይደርስ፣ እማማ ፀሐይቱ ባዶ እጃቸውን ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳቸው በፊት፣ ሰንጋ ተራ ድረስ ሄደው «ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ» እንዲሏቸው ብቻ ነው። ከባድ ከሆነብዎ እኔ እንደማወራው ዝግ አድርገው ይበሉት፤ ጆሮአቸውን አስጠግተው ይሰሙዎታል፣ እኔንም እንደዚያ ነበር የሚሰሙኝ። እውነቱ ከእሳቸው አፍ ከወጣ በኋላ ስሜ ይህን ደረጃ ራሱ ጸድቶ ይወጣል፤ ሌላ ጥረት አያስፈልግዎትም።

የሰጡኝን ትምህርት ሁሉ እያስታወስኩ፣ ሰብሳቢነትዎ እንዲረዝም፣ በሚመሩት ስብሰባ ሁሉ የሌለ ሰው ብቻ እንዲከሰስ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ለአንድ እሑድ ጠዋት እህትዎ የነበረችው፣
ሙፊዳ ሁመድ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ከመለጠፌ በፊት ስህተት እንዳይኖርበት ጮክ ብዬ ማንበብ ነበረብኝ። አክስቴ «ለግድግዳ ከምታነቢው ለሰው አንብቢው» ስላለችኝ ዛሬ ጠዋት ሰንጋ ተራ ሄጄ ለእማማ ፀሐይቱ አነበብኩላቸው። ድምፄ ስለሚያንስ እንደገና አስደገሙኝ፤ በሁለተኛው አልተንቀጠቀጥኩም። «ፀጉሩስ ይበቅላል በያት» አሉኝ። የማይበቅለው ምን እንደሆነ ግን አልነገሩኝም፤ እሑድ መጥተው ለራስዎ ይነግሩዎታል። ምሳ እንዳያዘጋጁ፣ ቤትዎ እንደማይበሉ እንድነግርዎም አዘውኛል።