ሰባተኛው ኪስ

ግንቦት 3

ካልሲ አጠብኩ። ሁለት ጥንድ። ሦስተኛው ወንፊት ሆኗል፤ ጣልኩት። ስምንት አልጋ ካለው የእንግዳ ማረፊያ ክፍል መስኮቱ የደረሰው ለእኔ ነው፤ ገመድ ዘርግቼ አሰጣሁ። ዘጠኝ ወር በእግር፣ በጀልባ፣ በጭነት መኪና ላይ... ዘጠኝ ቀን ቀረኝ። ከዚያ ቤት።

ቦርሳዬ ከእኔ የተሻለ ሰውነት አለው። አንድም ስፌት አልተፈታም። አባቴ ከጭነት መኪና ሸራ የሰፋልኝ ነው። የልብስ ሰፊ ልጅ ቦርሳ አትገዛም፤ ትለካለች። በሜትሩ ጀርባዬን እየለካ፣ "ግራ ትከሻሽ ዝቅ ይላል፤ መጽሐፍ አብዝተሽ ተሸክመሻል" ብሎኝ ነበር።

ስነሳ አይዞሽ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። አለቃዬ ጥናቴን በራሱ ስም አሳተመ፤ አቤት አልኩ፤ የተባረርኩት እኔ! ወንድሜ፣ "ተማርሽ ተማርሽና ምላስሽ ቀደመሽ" አለ። እናቴ ሽማግሌ ልካ ይቅርታ ልታስጠይቀኝ ነበር። አባቴ ግን መቀሱን አስቀመጠና፦

"ሂጂ። ዓለም ያንቺ አለቃ ብቻ አይደለችም። ስትመለሺ ግን ቤት ከመግባትሽ በፊት ሱቅ ነይ። ወሬውን እኔ ልቅደም።"

ግንቦት 4

ዛሬም ድምፁን አልሰማሁም። ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ በጽሑፍ ብቻ ነው የሚመልስልኝ። "ጉሮሮዬን አሞኝ ሐኪም መናገር ከልክሎኛል።" ወር ከግማሽ ሆነው። ምን ዓይነት ጉሮሮ ነው?

ደወልኩ። ያነሳው ወንድሜ።

"ተኝቷል።"

"ከጠዋቱ አራት ሰዓት?"

"መድኃኒቱ ነው የሚያስተኛው። ምነው፣ መርማሪ ፖሊስ ሆንሽ እንዴ?"

"ሲነቃ አንድ ቃል ይናገርልኝ። ቢያቃስትም ይበቃኛል።"

"እሺ።"

ወንድሜ በሕይወቱ ለእኔ እሺ ብሎ አያውቅም።

ግንቦት 5

መጣ! ድምፁ መጣ! ዐሥራ አንድ ሰከንድ።

"የኔ ልጅ፣ እኔ ደህና ነኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። አንቺ ብቻ መንገድሽን እያየሽ ሂጂ።"

ሦስቴ ሰማሁት። ጎኔ ያለው አልጋ ላይ ለምትተኛው ሴትዮም አሰማኋት። ካርታ ነው የምንላት። ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ከራስጌዋ ካርታ ሰቅላ የረገጠችውን ሁሉ በቀይ ታሰምርበታለች።

"ወር ከግማሽ የታመመ ጉሮሮ ይሄ ነው?" አለች። "እንደ ደወል ነው የሚጮኸው!"

ተሳሳቅን። ዳቦ ይዘን ሐይቁ ዳር ወረድን። ጥሩ ቀን።

ግንቦት 6

እንደ ደወል... ለምን?

ደግሜ ሰማሁት። በጆሮ ማዳመጫ። ከድምፁ ኋላ አንድ ነገር አለ። ቂው... ቂው... ቂው። የአባቴ የእግር ስፌት መኪና ፔዳል። ልጅ ሆኜ ሥሩ እየተኛሁ ነው ያደግኩት፤ ዘይት ጠጥቶ የማይጠግብ ፔዳል።

ግን እኮ ጥር ላይ ሸጦታል! ጉልበቱን ሲያመው ሸጦ የኤሌክትሪክ ገዛ። "አሁን የሚሠራው ግድግዳው ነው፤ እኔ ጨርቅ ማቀበል ብቻ ነው" ብሎ ቀልዶብኛል።

ጥር ላይ የተሸጠ መኪና ግንቦት ላይ እንዴት ይጮኻል?

አስታወስኩ። ይህን መልእክት ሰምቼዋለሁ። ጥቅምት ላይ፣ አውቶቡስ ስጠብቅ። ኅዳር ላይ ስልኬ ከጀልባ ሲወድቅ መልእክቶቹ አብረው ሰጠሙ። ከእሱ ስልክ ላይ ግን አልጠፉም።

ሰው አንድ መልእክት ሁለቴ ሊልክ ይችላል። አይችልም?

ግንቦት 7

ካርታ፣ "ጠይቂያቸዋ" አለች።

"ይዋሹኛል።"

"እንግዲያው እሱ ብቻ የሚያውቀውን ጠይቂ።"

ጻፍኩ፦ "አባዬ፣ ቦርሳዬ ስንት ኪስ ነው ያለው? እዚህ ካለች ሴትዮ ጋር ተወራርደን ነው።"

የሚታዩት ስድስት ናቸው። ሰባተኛው ጀርባዬ ከሚያርፍበት ሽፋን ውስጥ ነው፤ ጣት ካልሰደድኩ እኔም አላገኘውም። የሱቁን ትርፍ ቁልፍ ከቶበት፣ "ይቺን እናትሽም አታውቃት" ብሎኛል።

ስልኩን አልጋው ላይ አስቀምጬ ቆሜ ጠበቅኩ። አርባ ደቂቃ።

"ስድስት ነው ልጄ። አሸነፍሽ?"

ግንቦት 8

የለም። አባቴ የለም።

ግንቦት 9

አክስቴ ጋ ደወልኩ። የአባቴ እህት ናት፤ መዋሸት አትችልበትም።

"እህል ቀምሰሻል ልጄ?" አለች ገና ሃሎ ሳልል።

"መቼ ነው?"

"ምኑ?"

"አክስቴ... መቼ ነው?"

ለቅሶዋ መጣ። መጋቢት 19። ከመኪናው ላይ ቀና ሳይል... ልቡ ነው አሉ።

"እኔ ንገሯት ብዬ ነበር። እናትሽ 'በሰው አገር ብቻዋን ማን ይይዛታል?' አለች። ወንድምሽም 'ጉዞዋን ትጨርስና በወጉ ይነገራታል' አለ። ግንቦት 12 ጠዋት መናኸሪያ እንጠብቅሻለን፣ ሽማግሌዎቹም አሉ... አውቄያለሁ አትበይ፣ በሞትኩት! ይጣሉኛል።"

በወጉ! ሃምሳ ቀን በአባቴ ጣት ሲጽፉልኝ የትኛው ወግ ነው? "በርቺ ልጄ" ሲለኝ የከረመው ማን ነው? "ደህና እደር አባዬ" ስለው የነበረው ማንን ነው? ቀብረውታል፤ አልቅሰው ወጥቶላቸዋል፤ ድንኳኑን አፍርሰዋል። እኔ ያን ሰሞን የጫማ ማሰሪያ ስመርጥ ነበር።

እንድትጠነክሪ ብለን ነው ይሉኛል። አውቃቸዋለሁ። አለቃዬም "ለአንቺው ብዬ ነው" ብሎኛል። እሱ የሰረቀኝ ጥናቴን ነው። እነዚህ ለቅሶዬን።

ግንቦት 10

የነገውን አውቶቡስ ያዝኩ። አንድ ቀን ቀድሜ። ለማንም አልተናገርኩም።

ቦርሳዬን ስሸክፍ ካርታ ልጇን እንደምትሸኝ እናት አየችኝ። "አልቅሺ እንጂ" አለች። "ሠላሳ ዓመት ሞት ሳረዳ ኖሬአለሁ። እንዲህ ደርቆ የሚሄድ ሰው አልወድም።"

"ሱቅ ስደርስ።"

ካርታዋ ላይ ከዚህ እስከ እኔ ከተማ አንድ መስመር አሰመረች። "ያልሄድኩበትን አሰምሬ አላውቅም" አለች። "ይኼን ግን እስክትደርሺ አስብሻለሁ።"

ግንቦት 11

ሱቅ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው።

መናኸሪያ አልደረስኩም፤ አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩ። ቤት አልገባሁም። ወሬውን እኔ ልቅደም ብሏላ።

ቁልፉ ገባ። በሩ እንደ ድሮው ከታች ይይዛል፤ በጉልበት ገፋሁት። አቧራ። ሜትሩ ከምስማሩ ላይ። መነጽሩ። መኪናው ላይ አንሶላ ጣል አድርገውበታል። ገለጥኩት። መርፌው ከነጨርቁ ተሰክቶ ቀርቷል። ማንም አልነካውም።

ሸራ ነው። የትከሻ ማሰሪያ፤ ጥንድ። ግራው ከቀኙ ሁለት ጣት ያጥራል።

መጋቢት መጀመሪያ ላይ ጽፌለት ነበር፦ "ግራው ትከሻዬን እየበላኝ ነው።" "ስትመጪ ተሠርቶ ይጠብቅሻል" አለኝ። ረስቼው ነበር...

ወንድሜ በሩ ተከፍቶ አይቶ ገባ። ከስቷል። ደፍ ላይ ቆመ።

"ማን ነገረሽ?"

"አንተ።"

"እኔ?"

"የተሸጠ መኪና ድምፅ ላክህልኝ።"

አልገባውም። ሳስረዳው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

"እማዬ ናት መጀመሪያ... ከዚያ ግን እኔም ማቆም አቃተኝ" አለ። "እሱን ሆኜ ስጽፍልሽ ያልሞተ ይመስለኝ ነበር።"

አንጀቴን በላው። አላሳየሁትም።

"አንተ ሃምሳ ቀን አልሞተም እያልክ ኖርክ፤ እኔ ግን አልቀበርኩትም።"

"ነገ ሽማግሌዎቹ..."

"ይምጡ። እዚሁ ነኝ።"

ግንቦት 12

የመጋቢትን ገጽ ገለጥኩ። 19። በራሴ እጅ፣ በጥሩ ጽሑፍ፦ "ተራራው ጫፍ ደረስኩ። ግራው ማሰሪያ ትከሻዬን ላጠው። ሌላ ምንም የጎደለኝ የለም።"

ልቀደው ነበር። ተውኩት። ያን ቀን የማውቀው ያንን ነው፤ ያላወቅኩት በእኔ ጥፋት አይደለም።

ጠዋት መጡ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ እናቴ፣ አክስቴ፣ ኋላቸው ወንድሜ፤ ሱቅ መድረሴን እንጂ ማወቄን አልነገራቸውም። መናኸሪያ ሊሄዱ ለብሰው ሱቅ ደጃፍ ቆሙ። እኔ መኪናው ላይ ነበርኩ።

ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ተነሺና እዚህ አረፍ በይ ልጄ። የምንነግርሽ ነገር አለ።"

"እርስዎ አረፍ ይበሉ" አልኳቸው። "የምነግርዎት እኔ ነኝ። አባቴ መጋቢት 19 ሞቷል። ይቺን ሲሠራልኝ ነው የሞተው። አላለቀችም።"

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ልጄ፣ ለአንቺው..."

"እንዳትጨርሺው እማዬ።"



የኤሌክትሪኩን ፔዳል ረገጥኩ። ግድግዳው መሥራት ጀመረ። ለዚያ ሁሉ ሰው መቀመጫ የለም፤ ቆመው ጠበቁኝ። መርፌው አባቴ ካቆመበት ቀጠለ። የእሱ ስፌት ቀጥ ያለ ነው፤ የእኔው ጠማማ፤ የት ላይ እንዳቆመ ዕውር እንኳ በጣቱ ያገኘዋል። እስከ ጫፉ ሰፋሁት።

ክሩን በጥርሴ በጠስኩ።

ከዚያ አለቀስኩ። ማንም ሳይነግረኝ።