ዳገት እምቢ ያለችው መኪና

የካቲት 3 ቀን 1958፣ መቱ

ዛሬም ለገመች። ከድልድዩ በላይ ያለውን ዳገት በሰው እርምጃ ወጣነው። ሞተሯ ይጮኻል፣ እሷ አትሄድም። ቡና የጫነ በቅሎ አለፈን... ባሌ አሰፋ መሪውን በጡጫ መታው።

የቀድሞ ባለቤቷ ፈረንጅ ሲነዳት ትበር ነበር። ወደ አገሩ ሲመለስ አሰፋ ገዛት። በግራ እግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን የላትም፣ ማርሽ ራሷ ትቀይራለች ተብሎ ከተማው ሁሉ አወራላት። ዕድሜውን ሙሉ የፍርድ ቤቱን ጂፕ ሲነዳ የኖረ ሰው፣ አሁን በሷ ያፍራል።

የካቲት 5

መካኒኩ ጋሼ ዲንቃ መጡ። እጃቸው ለጭነት መኪና እንጂ ለእንዲህ ዓይነቷ እንዳልተፈታ አስቀድመው ተናገሩ። ካንዴላ አውጥተው ጠረጉ፣ ካርቡራተሩን አጠቡ። የካምቢዮውን፣ የማርሽ ቤቱን፣ ዘይት በጣታቸው ነክተው አሸተቱት፤ ደህና ነው አሉ። ከዚያ አሰፋ እየነዳ፣ እሳቸው አጠገቡ ተቀምጠው ወጡ። ለምን ራሳቸው አልነዷትም? አሰፋ መሪዋን ለማንም አይሰጥም። እኔንም መንዳት ያስተማረኝ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ነው፤ ከዚያ ውጪ ወይ ፍንክች።

ሲመለሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ችግሩ ካምቢዮው ውስጥ ነው፣ እሱን የሚከፍት ሰው ከአዲስ አበባ ወዲህ የለም አሉ።

የካቲት 6

አሰፋ ሊሸጣት ነው። ባለሱቁ ነዚፍ ሞተሯን ለወፍጮ ይፈልገዋል። ሰኞ የካቲት 14 ይወስዳታል። ለወፍጮ!

እማዬስ? ከዳገቱ ማዶ፣ ሁሩሙ፣ ታማ ተኝታለች። ሆስፒታል እንዳናመጣት የጭነት መኪና ላይ ወገቧ አይችልም። ይህን ለአሰፋ ስነግረው፣

«ዳገት የማትወጣ መኪና ለእናትሽ ምን ታደርግላታለች?» አለኝ።

ያናደደኝ እውነቱን መሆኑ ነው።

የካቲት 9

አሰፋ ለችሎት ቡሬ ሄዷል፣ በመሥሪያ ቤቱ ጂፕ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ወንድሜ ኩማ የላከው ሰው ደጅ ቆሟል። እማዬ ብሶባታል። ቁልፉ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አየሁት። ሌላ መኪና ልፈልግ? ማን ጋ? አነሳሁት።

ዳገቱ ጋ ስደርስ በልቤ እመቤቴን ጠራሁ። መኪናዋ ግን ወጣች። ምንም ሳትል ወጣች! ነዳጅ ስጨምርላት ትጨምራለች። ሁሩሙ ድረስ አንዴም አልለገመችም።

«ኤኙቱ ሲ ፊዴ?» አለችኝ እማዬ ከተኛችበት። ማን አመጣሽ ማለቷ ነው።

«ኦፉማኮ» አልኳት። ራሴ።

ብትታመምም ሳቀች። ከኩማ ጋር ተሸክመን ኋላ ወንበር ላይ አስተኛናት፤ መቱ ሆስፒታል አደረስኳት። አልጋ ሰጧት።

ግን መኪናዋ ምን ሆና ነው ለኔ የታዘዘችው?

የካቲት 11

አሰፋ ተመለሰ። ሳልጠይቀው በመንዳቴ ይቆጣል ብዬ ነበር፣ አልተቆጣም። እማዬን ስላደረስኳት እግዜር ይስጥሽ አለ። ዳገቱን መውጣቷን ግን አላመነም። ዕድልሽ ነው አለኝ። ዕድል!

እማዬን ልንጠይቅ ስንሄድ እሱ ነዳ። ያው ነው፤ ጩኸት፣ መንፏቀቅ፣ የተቃጠለ ሽታ። በነዚፍ ሱቅ ስናልፍ ነዚፍ ወጥቶ፣ የኋላ ቀይ መብራቷ ጨርሶ እንደማይጠፋ፣ ምናልባት ሽቦ እንደተነካካ ነገረን። አሰፋ በምሬት ሳቀ። ደግሞ ይሄ ቀርቶ ነበር አለ።

ቀይ መብራት... ፍሬን ሲያዝ አይደል የሚበራው? ወደ ታች አየሁ። የግራ ጫማው ፍሬኑ ላይ ጋደም ብሏል። ፍሪሲዮን መርገጥ የለመደ እግር! ቀኙ ነዳጅ ይሰጣል፣ ግራው ይይዛል።

«አሰፋ፣ ግራ እግርህን አንሳው።»

«ምን ሆነ?»

«ፍሬን ይዘህ ነው የምትነዳው።»

መሀል መንገድ ላይ አቆማት።

«ሜዳ ላይ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። አሁን አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?»

ወርዶ በእግሩ ሄደ። እኔም ወርጄ የጎማውን ብረት፣ ቸርኬውን፣ ነካሁት። ከፍሬኑ ግለት ጣቴን ፈጀኝ።

የካቲት 12

ጨው እንኳ አቀብይኝ ላለማለት ራሱ ተነስቶ አመጣ።

የካቲት 14

ዛሬ ሰኞ ነው። ነዚፍ ሊወስዳት ይመጣል ብዬ ጠዋት ደጅ ደጁን ሳይ ነበር። አልመጣም። ከሰዓት ሱቁ ሄድኩ። አሰፋ ትናንት መጥቶ አልሸጥም እንዳለው ነገረኝ። ከዚያ በፊት ደግሞ ብቻውን ዳገቱን ሲወጣ፣ ሲወርድ፣ እንደገና ሲወጣ አይቶታል። ቀይ መብራቷም ጠፍቷል አለኝ፣ ማን እንደሠራው እየጠየቀኝ።

ለጋሼ ዲንቃ ደግሞ «ፍሬኑ ይይዝ ነበር» ብሏቸዋል። ይይዝ ነበር! ማን ነው የያዘው?

ለኔ ግን ምንም። እራት ላይ ጠበቅኩት... ስለ ቡሬ ችሎት አወራኝ። አንቺ ነሽ ያገኘሽው ቢል ምን ይጎድልበታል?

የካቲት 19

እማዬ ከሆስፒታል ወጣች። ከስታለች፣ ግን ቆማ ትራመዳለች። አሰፋ ደግፎ ኋላ ወንበር ላይ አስገባትና ራሱም አጠገቧ ገባ። እኔ ግራ ገብቶኝ ደጅ ቆምኩ።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ንጂ እንጂ» አለ። «እኔ እሷን እይዛለሁ።»

ነዳሁ። በገበያው መሀል ስናልፍ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን፤ አቶ አሰፋ ከኋላ፣ ሚስቱ መሪ ላይ! ቀና ብሎ ሰላምታ ሰጣቸው። ዳገቱን ወጥተን ሜዳማው መንገድ ላይ ስንደርስ፣

«ጥፋቱ የእግሬ ነው እንጂ መኪናዋ ምንም አልነበራትም» አለ፣ በቀስታ።

በመስታወቱ አየሁት። እማዬ ትከሻው ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። እንዳትነቃ ብሎ፣ ሁሩሙ እስክንገባ አልተንቀሳቀሰም።