እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14

ለምወድሽና ለተቆጣሽብኝ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደም ግፊቴም ደህና ናቸው፤ ምላሴ ያው እንደምታውቂው ነው። እሁድ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስለዘጋሽብኝ ወሬውን በደብዳቤ ልጨርሰው። ደብዳቤ እንደሆነ ጆሮ ላይ አይዘጋም።

«እማዬ፣ ስድስት መቶ አርባ ጊዜ የተጠቀሰ የምርምር ጽሑፋችንን በገዛ እጅሽ ታሰርዣለሽ?» አልሽኝ። አዎ፣ አሰርዛለሁ! ስድስት መቶ አርባ ሰው ስለተከተለን ስህተቱ እውነት አይሆንም።

ያኔ ተማሪዬ ነበርሽ። በዘር የሚተላለፈውን በሽታ ስናጠና ናሙና የሰጡንን ሰባት ቤተሰቦች በፊደል ተራ ሰየምናቸው፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ። ንጉሡ ሠ በሽታው ያለበት፣ እሳቱ ሰ ጤነኛው ቤተሰብ። እኔ ናሙናውን ከሳጥኑ እንደመጣልኝ እያወጣሁ ፊደሉን ስጠራ፣ አንቺ ብልቃጡ ላይ ትጽፊ ነበር። «ሐመሩ ሐ» ማለቱን አልረሳሁም። ንጉሡ ላይ ስደርስ ግን ቸኩዬ «ሠ» ብቻ ብዬ አለፍኩ። ጆሮ መቼ ይለየዋል? አንቺ እሳቱን ጻፍሽ፤ በኋላ እሳቱንም «ሰ» ብቻ ብዬ ስጠራ የቀረሽ ንጉሡ ነበርና እሱን ጻፍሽ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ባለፈው ወር የድሮዎቹን ናሙናዎች ከማቀዝቀዣው አውጥቼ በአዲሱ ማሽን ባስነብባቸው፣ ወንድ ብለን የመዘገብነው ሴት ሆኖ አረፈው። ኧረ ጉድ! በሽተኛና ጤነኛ ተለዋውጠዋል። በሽታውን ያመጣል ብለን ያወጅንበት ጂን ምንም አላደረገም፤ ስሙን በከንቱ አጥፍተንበታል።

ለክፍሉ ኃላፊ ነገርኩት። ተማሪዎች «ቆጥሮ አደር» የሚሉት እሱ ነው፤ ሰውን የሚመዝነው ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ ቆጥሮ ነው። በሩን ገርበብ አደረገና «የማዕረግ ኮሚቴው በሚቀጥለው ወር ይሰበሰባል። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው ይበሉ። ይሄ ጽሑፍ ከወጣ ምን ይቀርዎታል?» አለኝ።

«የኔ ሆድ ማቀዝቀዣ አይደለም» አልኩት። የሚቀረኝ ሃያ ሦስት ጽሑፍ ነው። ስለ ባቄላ ሥር ባክቴሪያ የጻፍኩት አራት ጊዜ ተጠቅሷል፤ ከአራቱ ሁለቱ እኔው ነኝ። ይሁና! ማንም ቢደግመው ያንኑ ያገኛል። ፕሮፌሰር ሳልባል ብቀበር አፈሩ አይከብደኝም።

አንዲት የማላውቃት ሴት ግን ጽፋልኛለች። ያ ጂን አለብሽ ብለዋት፣ ልጅ ላለመውለድ ወስና ሦስት ዓመት ሆኗታል። «ምርምርዎን አነበብኩት፣ አመሰግናለሁ» ትለኛለች። ልጄ፣ እሷ ከምታመሰግነኝ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«አንቺ ጡረታሽ ደርሷል፤ እኔ እዚህ የተቀጠርኩት በዚያ ጽሑፍ ነው» ያልሽው እውነት ነው። ሊያባርሩሽ ይችላሉ፤ አልዋሽሽም። ቢሆንም ሐሳቤን አልቀይርም።

ጆርናሉ የላከውን የመሰረዣ ቅጽ አብሬ ልኬልሻለሁ። የራሴን ፈርሜያለሁ። ምክንያት በሚለው ላይ «የጠራሁት እኔ ነኝ፤ ፊደሉን ለይቼ አልጠራሁም። ጸሐፊዋ የሰማችውን ጽፋለች» ብዬ ሞልቻለሁ። ባትፈርሚም በወሩ መጨረሻ ብቻዬን እልከዋለሁ። ያኔ ከስምሽ አጠገብ «አልተስማማችም» ተብሎ ይወጣል፤ እሱን እኔ ልከለክል አልችልም።

በሄድሽበት የሚወድሽ አይጥፋ፤ ክፉ አይይሽ፤ የያዝሽው ይቅናሽ።

ትናንት ቆጥሮ አደር በሰው መሀል «ልጅዎ ባትፈርምስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ደረቴን ነፍቼ «ልጄን አውቃታለሁ!» አልኩት።

አውቅሻለሁ፣ አይደል?

እናትሽ