ፈርመሽ ስለሰጠሽው ፖስታ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለኡሙልኸይር

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ነው የምትውዪው? ልጅሽ ኢስራ ደህና ናት? ትምህርቷስ እንዴት ይዟታል? የባለቤትሽ የሥራ ፈረቃ ተስተካከለለት ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናታችንም ከጉልበቷ በቀር ጤነኛ ናት። ጭሮ ዝናቡ ወጥቶ ብርዱ ገብቷል፤ የመሰላ ወረዳ ገበሬ ማሽላውን ከወፍ እየጠበቀ ነው።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ነበር። እናታችን ግን «በስልክ ከሆነ አንተ ትቆጣታለህ፣ እሷም ትዘጋብሃለች፤ ጻፍላት» ስላለችኝ በእጄ ጽፌ ፎቶውን እልክልሻለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ባለፈው ዓርብ ስናወራ፣ የአሜሪካ ዜግነት ካገኘሽ ወዲህ የመጀመሪያሽ የሆነው የምርጫ ወረቀት በፖስታ እስከ ደጅሽ እንደመጣ ነገርሽኝ። ማንን መረጥሽ ብዬ ብጠይቅሽ ሳቅሽ። ወረቀቱን ሳትሞዪ ባዶውን መመለሻ ፖስታው ውስጥ ከተሽ፣ ፖስታው ላይ ፈርመሽ፣ እዚያ ላለው የሐረርጌ ልጆች ማኅበር ሰብሳቢ ለጋሽ ሙሜ ሰጥተሻቸዋል። እሳቸውም ከየቤቱ በከረጢት እየሰበሰቡ ነው አልሽኝ። «እሳቸው ያውቁበታል፤ ደግሞ በእኛ ግዛት ማን እንደሚያሸንፍ የታወቀ ነው» አልሽ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣም።

ጋሽ ሙሜ አታላይ ናቸው አላልኩም። ሃያ ስድስት ዓመት ጋዜጣ ላይ ስሠራ የለመድኩት የማውቀውን ከማላውቀው መለየት ነው። ከረጢቱ ውስጥ ስንት ፖስታ እንዳለ፣ ማን ቤት እንደሚቀመጥ፣ ወረቀቱን ማን በማን ፊት እንደሚሞላው አላውቅም። አንቺም አታውቂም። የማውቀው ፊርማው የአንቺ መሆኑን ነው። ነገር ቢመጣ የሚጠሩት አንቺን ነው።

የአገሩ ሥርዓት ራሱ ቀዳዳ እንዳለው አልክድሽም። በዚህ ሃያ አምስት ዓመት ውስጥ እንኳ በመላ አገሪቱ ያነሰ ድምፅ ያገኘው ሰው ፕሬዚዳንት የሆነበት ሁለት ጊዜ ነው። በአብዛኞቹ ግዛቶች በጥቂትም ቢሆን የበለጠው ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡትን የግዛቱን ወኪሎች ጠቅልሎ ይወስዳል፤ የሌላው ድምፅ እዚያው ይቀራል። በብዙ ቦታ የምርጫ ክልሉን ድንበር የሚያሰምሩት ተመራጮቹ ናቸው፤ የውርስ መሬት ራሱ ለክቶ ራሱ እንደሚያካፍል ወራሽ ማለት ነው። ስለዚህ ድምፄ አይመዝንም ብትዪኝ አልሟገትሽም። ግን የማይመዝን ከሆነ ጋሽ ሙሜን ከረጢት አስይዞ ደጅ ለደጅ የሚያዞራቸው ምንድን ነው? በዚያው ወረቀት ላይ የከተማው ምክር ቤት ምርጫም እንዳለ አንቺው ነግረሽኛል። እዚያ መቶ ድምፅ ሰው ይጥላል፣ ሰው ያነሳል።

ልማዱን ከቤታችን ይዘሽው እንደሄድሽ ስለማውቅ አልፈርድብሽም። የሰፈራችን መረዳጃ አፎሻ ሰብሳቢ ሲመርጥ፣ መምጣት ያልቻለ አባል ቃሉን በጎረቤት ይልካል። ከትናንት በስቲያ ምርጫ ነበር። እናታችን ጉልበቷን ስለያዛት «ቃሌ ለልብስ ሰፊው ለሑዘይፋ ነው» ብላ በጎረቤታችን በጃዕፈር ላከች። ሲመለስ አደረስክልኝ ወይ ብትለው «አብሽሪ እማማ፣ አታስቢ» አላት። ትናንት እኔ መዝገቡን ሳይ ግን ስሟ የተጻፈው ከነባሩ ሰብሳቢ ሥር ነው። ጃዕፈርን ብጠይቀው «ኧረ ጋዜጠኛው ደግሞ ሊመረምረን መጣ!» ብሎ ሳቀብኝ። ቀጥሎም ሳያፍር «እማማ በአፋቸው ሑዘይፋ ይበሉ እንጂ ልባቸው ከእኛ ጋር ነው» አለኝ። ልቧን እሱ አወቀላት!

ለእናታችን ስነግራት ባጃጅ አስጠርታ እያነከሰች አፎሻው ቤት ሄደች። ጸሐፊው «ሑዘይፋ እኮ በሃያ ሰው ነው የተበለጠው፤ የእርስዎ ቢጨመር ምን ይለውጣል?» ቢላት «እሱን መች ጠየቅኩህ? የእኔን መልስልኝ» አለችው። ስሟን ሰርዞ ከሑዘይፋ ሥር ጻፈው። ሑዘይፋ አሁንም ተሸናፊ ነው። ጃዕፈርንም እንደ ወትሮው ሰላም ትለዋለች፤ ቃል ግን አትልክበትም።

ምርጫችሁ ጥቅምት ሃያ ስድስት ነው፤ አሥራ አራት ቀን ቀርቶታል። ነገ ከሥራ በፊት ጋሽ ሙሜ ቤት ሂጂና በአክብሮት ፖስታዬን ይስጡኝ በያቸው። ባዶውንና ሳይታሸግ ካገኘሽው ራስሽ ሞልተሽ ላኪው፤ አፉ ታሽጎ ካገኘሽው ግን አትቅደጂው፤ እንዳለ ይዘሽው ምርጫ ቢሮ ሂጂ። ልኬዋለሁ ካሉሽም ለቢሮው ደውለሽ ደርሶ እንደሆነ ጠይቂ፤ ባዶውን መስጠትሽንም አትደብቂ። ደንቡ በየግዛቱ ስለሚለያይ ቀጥሎ የምታደርጊውን እነሱ ይንገሩሽ። ሰው ምን ይለኛል ብለሽ አትተዪው። ጋሽ ሙሜ ቅር ካላቸው የእናቴ ትእዛዝ ነው በያቸው፤ እውነትም ነው። ማንን እንደመረጥሽ ደግሞ ለእኔም አትንገሪኝ።

እናታችን አገላብጣ ስማሻለች፤ ዱዓዋም አይለይሽ። ባለቤቴና ልጆቼ እጅግ አድርገው ሰላም ይሉሻል። ኢስራን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ባለቤትሽንም ራሱን እንዲጠብቅ ንገሪልኝ። ለጋሽ ሙሜም ከፍ ያለ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ፖስታሽን ከተቀበልሽ በኋላ።

ወንድምሽ ሸምሱ
ጭሮ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.