አፉን ከፍቶ የወጣ ዓሣ

ሐምሌ 19 ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ

የልጆቼ አባት፣ ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ስምንት ወር ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልህ ኖሬ ዛሬ በተንቀጠቀጠ ጽሑፍ ብመጣብህ አትደንግጥ። ልጆቹ ደህና ናቸው፤ ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ እንደ አሮጊት ታወራለች። ጽሑፌን ያበላሸው እጄ ነው፤ ከማለዳ ጀምሮ ገመድ ስጎትት ውያለሁ።

እነዚያ አንተን ያስኮረፉህ፣ በርሜል ላይ የተንሳፈፉት የመረብ ቤቶቻችን ሦስቱም በዓሣ ሞልተው ነበር። ለገበያ ሊወጣ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው። የሐይቁ ዓሣ ከነጠፈ ወዲህ የማኅበራችን የዐሥራ አንድ ሴቶች ጓዳ የሚጠብቀው እሱን ነው።

ሦስት ቀን ፀሐይ አላየንም፤ ነፋስ የሚባልም የለም። ዛሬ ማለዳ ከሳቂታዋ ጎረቤታችን ጋር ልንቀልባቸው ስንቀዝፍ ውሃው ያደረ እጣቢ ይሸታል። ስንደርስ ዓሣው ሁሉ ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

«ውይ፣ ርቧቸው! ዛሬስ እኛኑ ሊበሉን ነው» አለችና ሳቂታዋ አንድ ጣሳ መኖ በተነችላቸው። ሁለተኛውን እኔው ራሴ ጨመርኩ። አንድም ዓሣ አልነካው። መኖው እዚያው አፋቸው ሥር ተንሳፍፎ ቀረ።

ያኔ ድምፅህ መጣብኝ። «ጠዋት አፉን ከፍቶ የሚወጣ ዓሣ ትንፋሽ እንጂ እህል አይለምንም» ትል አልነበር? ጣሳውን ከእጇ ነጠቅኳት።

«ምን ነካሽ?»

«እየታፈኑ ነው! ወደ ሰፊው ውሃ ካልወጡ ምሳ ሰዓት አይደርሱም!»

የመረብ ቤቶቹ የቆሙበትን ጥግ የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ለመቅዘፍ ቅርብ ነው ብዬ። አንተ በማኅበሩ ስብሰባ ተነስተህ «እዚህ ውሃው አይላወስም» ስትል፣ «መረቡ ባዶ የሆነ ሰው አፉ ሙሉ ነው» ብዬ ሰው ሁሉ እንዲስቅብህ ያደረግኩትም እኔ ነኝ። በማግስቱ ጀልባህን ገልብጠህ ወደ ሌላ ሐይቅ ሄድክ።

ሞተር ያላቸው መረብ ጣዮቹ ብቻ ናቸው፤ ሰፊው ውሃም የእነሱ ነው። የመረብ ቤት እዚያ ዝር ካለ ገመዱን እንቆርጣለን ብለው ምለዋል። ቢሆንም ወደ ታላቅ ወንድምህ ሮጥኩ። መረብ እየጠገነ ነበር፤ ቀና እንኳ አላለም።

«ወንድም ጋሼ፣ ዓሣው እያለቀብን ነው። ጎትቱልን።»

«ጥጉ ይመቸናል አላላችሁም እንዴ?»

«ብለናል።»

«ወንድሜ ላይ ሰው ያሳቀው ማን ነበር?»

«እኔ።»

«አልሰማሁም። እነዚህም አልሰሙም» አለ፣ ጀልባ ላይ የተቀመጡትን በአገጩ እያሳየ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! ዓሣው ግን ጊዜ አይሰጥም። «እሱ ልክ ነበር! የተሳሳትኩት እኔ ነኝ!» ብዬ ጮኽኩ፤ ዳር ላይ ልብስ የሚያጥቡት ሳይቀሩ ዞረው አዩኝ። ወንድምህ የመረብ መስፊያውን በጥርሱ ነክሶ ተነሳ።

«ሞተር አስነሱ» አለ።

ፈጥነው ከጎተቱ መረቡ ታጥፎ ዓሣውን ይጨፈልቀዋል፤ ስለዚህ እንደ እርጉዝ ሴት ቀስ እያልን ሄድን። መኖ የበተንንበት የመጀመሪያው ቤት ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ዓሣው ሆዱን ወደ ላይ እያደረገ ነጥቶ አለቀ። ሳቂታዋ ስታለቅስ ያየኋት ገና ዛሬ ነው። ሁለቱ ግን ደረሱ። ሞገዱ ሲነካቸው ዓሦቹ ተራ በተራ ወደ ታች ጠለቁ፤ እኔም ያን ጊዜ ተነፈስኩ።

ደግሞ የመልሕቅ ገመዳችን ለዚያ ጥልቀት አጠረ! ከሥሩ የድንጋይ መልሕቅ ያለው አንድ ነገር ብቻ ተገኘ፤ የመረብህ ምልክት፣ ያ ቢጫ ጀሪካንህ። ለካ ከሄድክ ጀምሮ ወንድምህ በቦታህ ማንንም መረብ አላስጥልም ብሎ ኖሯል። ሁለቱንም ቤቶች አንተ ካሰርከው ድንጋይ ጋር አሰርናቸው።

«ይህ የእሱ ቦታ ነው» አለ ወንድምህ። «እስከ እሑድ ይቆዩ። ባለቤቱ ካልፈቀደ ወደ ጥጋችሁ ይመለሳሉ። ቃሉን በወረቀት ይላክ፣ ይበቃናል።»

ወደ ጥጉ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም።

ይህን የሚያደርስልህ የዓሣ መኪናው ሾፌር ነው። መልስህን ለእሱ መስጠት ትችላለህ፤ ግን ሰውዬው ባለፈው የራሱን ጫማ ረስቶ የመጣ ነው። ወረቀት የሚታመን አይመስለኝም። ቃልህን ራስህ ይዘኸው ብትመጣ ሳይሻል አይቀርም።

በምትቀዝፍበት ሁሉ ውሃው ይታዘዝህ፤ ከድንገተኛ ማዕበል ይሰውርህ፤ መረብህ ከብዶ ይውጣ።

የልጆችህ እናት

ረስቼው፦ ሾፌሩ ሐሙስ ሲመለስ የፊት ወንበሩ ባዶ ነው። ጠይቄዋለሁ።